ሌላው ሁሉ ባለበት

ሬሆቮት፣ ጥቅምት ነው፤ ብርቱካኑ ገና አረንጓዴ፣
ከመኝታ ክፍሌ እስከ ትምህርት ክፍሉ ሰባት መቶ እርምጃ ነው መንገዴ።
አሥራ ዘጠኝ ነን፣ ካሥራ አንድ አገር የመጣን፣
አንድ ዓይነት ደብተር፣ አንድ ዓይነት ሒሳብ የተሰጠን፤
ኤፉዋ ከኬፕ ኮስት፣ ከግምጃ ቤት፣
ቢሽኑ ከፖካራ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት፣
እኔ ከወልዲያ፣ ከስታቲስቲክስ ቅርንጫፍ፣
አሥር ዓመት ሙሉ የገበያ ዋጋ ስጽፍ።

ዶክተር ኖጋ መጣች፤ ሁለት መስመር ሣለች፣
አንዱን ቁልቁል፣ አንዱን ሽቅብ ሰደደች፣
የተላለፉበትን ነጥብ ከብባ፣ «ዋጋ ይህ ነው» አለች፤
«ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ» ብላ ጨመረች።

ጻፍኩት። ከሥሩም አሰመርኩ።
ቆይቼ ግን ሳቅኩ።

ወልዲያ ማክሰኞ ነው ገበያው የሚቆም፤
ቆመ ስንል ደግሞ ዝም አለ ማለት አይደለም፤
ጨው ይወደዳል፣ በርበሬ ይረክሳል፣
ዝናብ ያረፈደው ጫኝ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣
ልጁን የሚድር ሰው አንዱን ወይፈን በሁለት ወይፈን ዋጋ ያስነሣል።
እኔም ቢጫ ቅጼን በካርቶን ደግፌ፣
ከእህል ተራ እስከ ላምባ ተራ አልፌ፣
«ስንት አልሽው?» «ልትገዢ ነው?» «አይ፣ ለመጻፍ።»
«እንግዲያ ዘወር በይ፣ ገዢ ይለፍ!»

እዚህም ዓርብ ዓርብ አንድ መምህር አለችኝ፤
ወይዘሮ ወርቂቱ፣ የክፍላችንን ወለል ስታጥብ ያወቀችኝ፣
ከአርማጭሆ ሱዳን በልጅነት እግሯ የተሻገረች፣
ዛሬ ኪርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች።
«አሁን እንዳትገዢ!» ትለኛለች፣ ክንዴን ይዛ፤
«ሻጩ ገና ኮርቷል፤ በአሥር ሼቄል ማን ይገዛ?
ሰንበት ትቅረብና፣ ፀሐይ ትዘቅዝቅና፣
ያኔ ራሱ ይለምንሻል፣ ነገ አይሸጥምና።»
ቆመን እንጠብቃለን፤ ሻጩ ሰዓቱን ያያል፣
አሥሩ ስድስት፣ ስድስቱ ሦስት ይሆናል፣
ከዚያ «እንኩ ብቻ፣ ውሰዱት» ይላል።
ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ ቁልቁለት በአንድ ፌስታል ቲማቲም ይገባኛል።

መጋቢት ላይ የቤት ሥራ መጣ፤ ሠንጠረዥ፣ የእህል ዋጋ፣
ስድስት አገር፣ መቶ ሃያ ወር፣ ከበጋ እስከ በጋ።
በጣቴ ወረድኩ፤ ጋና፣ ኔፓል፣ ኢትዮጵያ፤
ሰሜን ወሎ፤
ወልዲያ።
የእኔ ቁጥሮች! ይቺ ዝናብ እየመታኝ የጻፍኳት፣
ይቺ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ፣ ሁለቴ ጠይቄ ያረጋገጥኳት።
ከዚያ ባዶ። አምስት ሳጥን፣ አንዱ ካንዱ ሥር፣
ነጭ፣ ያለ ቁጥር።
መመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ክፍተት ካለ በመካከለኛው ሙሉ፤
የፊቱንና የኋላውን ደምሩ፣ ለሁለት ክፈሉ።»

ኤፉዋ ሞላች። ቢሽኑ ሞላ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።
የእኔ እጅ አልሄደም።

በእነዚያ አምስት ወራት ገበያው አልቆመም፤
ስንት ነው የሚባል ጤፍ፣ ስንት ነው የሚል ሰው አልነበረም።
ባልደረባዬ አራጋው ቅጹን ኪሱ አጥፎ ማክሰኞ ማክሰኞ ይወጣ ነበር፣
ባዶውን መደብ አይቶ፣ «አልቆመም» ብሎ ጽፎ ይመለስ ነበር፤
ያ ቃል እዚህ እስኪደርስ የት ወደቀ? የት ቀረ?
ዱቄት ከጎረቤት ነበር፤ በስንት? በ«ነገ ትመልሻለሽ»፤
ይህስ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ ትያለሽ?

ዶክተር ኖጋ ዘንድ ሄድኩ። «ይህ የጠፋ ቁጥር አይደለም» አልኳት፤
«ወጥቶ አይቶ የጻፈው ሰው አለ» ብዬ ነገርኳት።
ዝም አለች። መነጽሯን አወለቀች።
«ለዚህ ምልክት የለንም፤ ካለሽ አምጪ» አለች።

አምስቱን ሳጥን እንዳሉ ትቼ፣ በግርጌ፣ በአራጋው ቃል፦ አልቆመም።
ከሥሩ ትርጉሙን። ሌላ አልጨመርኩም።

ሰባ አንድ አገኘሁ፤ በቀይ፦ «ሞዴሉ ጎሎታል»።
ከጎኑ በእርሳስ ያቺን ቃል ልትገለብጣት ሞክራለች፤ ያስታውቃል፣
እንደ አገሯ ጽሕፈት ከቀኝ ጀምራ፣ ፊደል በፊደል፣ ልጅ እንደሚለምድ፦
ምመቆልአ።

ወርቂቱ በር ላይ ናት። ዓርብ ነው። ፌስታሌን ይዤ ልውረድ።